ጉሙን ያለፈው ሰው

ፋርማሲስቷ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘችው፤ ቀይዋ መኪና ጉሙ ውስጥ ገባች፤ ከጉሙ ግን አልወጣችም። ስክሪኑ ብልጭ አለና መኪናዋ ገደል ውስጥ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ ጎማዎቿ አየር ላይ ሲሽከረከሩ አሳየ።

«ነፍስ ይማር» አለ ከኋላዋ የቆመው ፀጉር አስተካካይ። «አይዞሽ፣ እኔ እዚያች ኩርባ ላይ የሞትኩትን ያህል ሰው የሞተበት ጦርነት የለም።»

«ችግሩ የኔ አይደለም፣ የጌሙ ነው» አለች ከመቀመጫው ሳትነሳ። «ኩርባው ሳይታይ ጉሙ ይመጣል። ከኋላ ያሉት መኪኖች ደግሞ የፈለግከውን ያህል ብትቀድማቸው ዞር ስትል አጠገብህ ናቸው። ይሄ ከባድ አይባልም። በቅጡ ያልተሠራ ነው የሚባለው።»

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» አለ ፀጉር አስተካካዩ እየሳቀ። ልጅቷ ወደዚህ ጌም ቤት ስትመጣ ገና ሁለተኛ ቅዳሜዋ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እዚህ የሚሰበሰቡት ሰዎች ከመጫወት ይልቅ መከራከር ይወዳሉ። ቤቱ በልብስ ንጽህና መስጫውና በጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ መካከል የተሸጎጠ ጠባብ ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል ወጣቶች ኳስ የሚጫወቱባቸው አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ተደርድረዋል፤ ትልልቆቹ ግን ወደዚያ ዞር ብለውም አያዩ። የነሱ ነገር ጥጉ ላይ ያለው ማሽን ነው፤ መቀመጫ፣ መሪ፣ ማርሽና ፔዳል ያለው፣ ቀለሙ የተላላጠ ትልቅ የእንጨት ሣጥን። የመኪና እሽቅድምድም ጌም ነው፤ የተሠራው አብዛኞቹ ገና ተማሪ እያሉ ነው። መኪኖቹ ሁሉ ማዕዘን ማዕዘን ናቸው፤ ዛፎቹ በመቀስ የተቆረጠ አረንጓዴ ወረቀት ይመስላሉ። ቢሆንም ማርሽ ሲቀየር ሞተሩ የሚያሰማው ድምፅ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ እሱን ማንም አይክድም። ክርክሩ ያለው የተራራው መንገድ ላይ ነው። ጉም አለበት። በዚህ ቤት ያንን መንገድ ዳር ያደረሰ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በዚያች ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ፣ ሰማያዊ የደንብ ሸሚዙን ለብሶ፣ ክራባቱን እያጠበቀ ነበር።

ሥራው የአውቶቡስ ሾፌርነት ነው። እዚህ ግን አባ ጉም ይሉታል። የጌም ቤቱ ባለቤት ታላቅ እህቱ ናት፤ እሱ እትዬ ስለሚላት ደንበኛው ሁሉ እትዬ ይላታል።

«አባ ጉም፣ ዝም ትላለህ እንዴ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ጌምህ እየተሰደበ እኮ ነው።»

«ትስደበው። እሱ አይሰማም» አለ ሾፌሩ ፈገግ ብሎ፤ ግን ዝም ማለት አልቻለበትም። «ስሚ የኔ እህት፣ ይሄ ጌም አያጭበረብርም። ኩርባው ትናንት የነበረበት ቦታ ዛሬም አለ። ጉሙ ትናንት የመጣበት ቦታ ላይ ዛሬም ይመጣል። ከወደቅሽ የወደቅሽው አንቺ ነሽ። እኔ የምወደው ለዚህ ነው። ሰው ያዳላል፣ አለቃ ያዳላል፤ እሱ ግን ለማንም አያዳላም።»

«ይኸው ስብከቱ ተጀመረ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ እያዞረ።

ከማሽኑ ጎን በርጩማ ላይ የተቀመጠው ቴክኒሻን ጎንበስ ብሎ መፍቻውን በጨርቅ ይወለውል ጀመር። የሰፈሩን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን፣ ይህንንም ማሽን በየጊዜው እየነካካ በሕይወት ያቆየ ሰው ነው። በተፈጥሮው ቃል ይቆጥባል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ግን እውነት ጨርሰውታል?» አለች ፋርማሲስቷ።

«አሁን የተቀመጥሽበት ወንበር ላይ።»

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው አዲስ ሰው ሲመጣ ሾፌሩ ደስ ይለዋል። ለምን ደስ እንደሚለውም ራሱ ያውቃል። ከሰባት ዓመት በፊት የእውነተኛውን ተራራ መስመር እየነዳ ሳለ ጉም ውስጥ አውቶቡሱ ከመንገድ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ተኛ። የሞተ ሰው አልነበረም፤ የአንዲት ሴት ክንድ ተሰበረ። መርማሪዎቹ ጥፋቱ የሱ አይደለም ብለው በነጻ አሰናበቱት፤ እጆቹ ግን አላሰናበቱትም። መሪ በጨበጠ ቁጥር ያልበውና ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሥራውን ተወው። ጠዋት ወደ እህቱ ጌም ቤት ይመጣል፣ እዚያች ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጉሙ ውስጥ ይገባል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይገባል። ምግብ አስጠላው። ፂሙ አደገ። ሚስቱ ብትመክረውም ብትቆጣውም ማሽኑን አልተወም። ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ወጣ፤ መስመሩን አቋረጠ፤ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ከወንበሩ እንደተነሳ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄዶ ፂሙን ተላጨ፣ በሳምንቱም ሥራውን ጠየቀ። የከተማውን አውቶቡስ ሰጡት።

ከዚያ ወዲህ ያንን ቀን እንደ ልደቱ ነው የሚቆጥረው። አሁን ደግሞ የተራራው መስመር ነባር ሾፌር ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ ቦታውን ራሱ ሄዶ ጠየቀ። የመናኸሪያው ስምሪት ኃላፊ «እርግጠኛ ነህ?» ሲለው «እኔ ጉም አውቃለሁ» ብሎ መለሰለት። የመጀመሪያ ጉዞው ዛሬ ከሰዓት ነው። ከመሄዱ በፊት ማሽኑን ልሰናበተው ብሎ መምጣቱ ነበር።

«እኔም እኮ ጨርሼዋለሁ» አለች ፋርማሲስቷ። «ቤት ኮምፒውተሬ ላይ ጭኜው። መጀመሪያ ቀላሉ ላይ አድርጌ፣ ቀጥሎ መካከለኛው ላይ። ይሄኛው ግን ከባዱ ላይ ሳይሆን አይቀርም የተስተካከለው። የሚሰጠው ሰዓት ራሱ አጭር ነው።»

«ኮምፒውተር ሌላ ነው። ይሄ ቀላል ከባድ የሚባል ነገር የለውም፤ አንድ ነው።»

«አለው እንጂ። ውስጡ፣ ቦርዱ ላይ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። ባለቤቱ ከፍቶ እንደፈለገው ያደርገዋል። አንብቤያለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሻይ ይምጣ እንዴ? እኔ ልጋብዝ» አለ። ይህ ሰው በሕይወቱ ሻይ ጋብዞ አያውቅም፤ ሾፌሩ ያኔ መጠርጠር ነበረበት። እሱ ግን እየሳቀ ወደ እህቱ ጠረጴዛ ሄዶ የማሽኑን ቁልፍ ከመሳቢያው አወጣ። እትዬ አልነበረችም፤ ለጉዞው የደንብ ኮቱን ከልብስ ንጽህና መስጫው ልታመጣለት ወጥታ ነበር።

«ነይ ላሳይሽ» አለ። «መጽሐፍና ማሽን ይለያያል።»

«ተው» አለ ቴክኒሻኑ ከበርጩማው ተነስቶ። «አቧራው ይነሳል። ያረጀ ዕቃ ነው፣ አንዴ ከተነካካ እንቢ ይላል።»

«አንተ ራስህ በየወሩ አይደል እንዴ የምትከፍተው?»

«ስለማውቀው ነዋ ተው የምልህ።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ሾፌሩ ግን ዓሣም አልፈለገም፤ የፈለገው ምንም እንደሌለ ማሳየት ብቻ ነበር። ሣጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ የኋላውን በር ከፈተ። ውስጡ በሽቦ የተሞላ ነው፤ የሞቀ አቧራ ይሸታል። ፋርማሲስቷ የስልኳን መብራት አብርታ አንገቷን አስገባች።

«ይኸውልዎ» አለች በደስታ፤ ያወቀችው ነገር ትክክል ሆኖ ሲገኝ ደስ የማይለው የለምና።

አረንጓዴው ቦርድ ጥግ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ነገሮች ተሰልፈዋል። ከፊሎቹ ወደ ላይ፣ ከፊሎቹ ወደ ታች ናቸው።

«ምንድን ናቸው እነዚህ?» አለ ሾፌሩ ወደ ቴክኒሻኑ ዞሮ።

ቴክኒሻኑ ጫማውን ማየት ያዘ።

«እየጠየቅኩህ እኮ ነው።»

«የመጀመሪያዎቹ የጌሙን ቅለትና ክብደት ነው የሚቀይሩት። ቀጥሎ ያለው ሰዓቱን።»

«ቀይረኸው ታውቃለህ?»

«ሰውዬ፣ መናኸሪያ አይረፍድብህም?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ይልቅ ተነስ ልሸኝህ።»

«ቀይረኸው ታውቃለህ ወይ?»

ቴክኒሻኑ ቀና አለ። ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው፤ ከዚህ ጥያቄ ሲሸሽ የኖረውም ለዚህ ነው። «አንድ ጊዜ» አለ። «እትዬ ለምነውኝ። ያኔ እንዴት እንደነበርክ ታውቃለህ። ማታ ዘግተን ስንሄድ የመጨረሻው ቀላል ላይ አደረግኩት። ጉሙንም ያሳሳዋል። አንተ ከጨረስክ በኋላ ወደ ከባዱ መለስኩት።»

ሾፌሩ ወዲያው አልተቆጣም። መጀመሪያ በሐሳቡ የመጣበት ያ ቀን ነበር። ጉሙ ያን ዕለት ሳስቶ ታይቶት እንደነበር ትዝ አለው። እሱ ዓይኔ ተከፈተ፣ ፍርሃቴ ሲለቀኝ ጉሙም ለቀቀኝ ነበር ያለው። ለሚስቱ እንደዚያ ብሎ ነግሯታል። አዲስ ለሚቀጠሩ ሾፌሮችም ከመሪ ጀርባ እያስቀመጠ ደጋግሞ ነግሯቸዋል። አሁን ያ ሁሉ ንግግር ተመልሶ ፊቱ ላይ ተደፋበት።

«ማን ማን ያውቃል?» አለ።

 ፀጉር አስተካካዩ «የዚያን ቀን እዚህ የነበርነው» አለ በዝቅታ። የዚያን ቀን እዚያ ያልነበረ ከመካከላቸው አልነበረም፤ ከፋርማሲስቷ በቀር።

ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ ጎዳው። ስለ ጉሙ ባወራ ቁጥር ቤቱ ጸጥ ይል ነበር፤ አክብሮት ይመስለው ነበር። ለካ እያፈሩለት ነው። እነዚህን ዓመታት ሁሉ በየቅዳሜው መሀላቸው ቆሞ ጌም አያዳላም እያለ ሲሰብክ እነሱ በየሆዳቸው እያዘኑለት ነበር።

«ታዲያ ከኔ ጋር ምን ስትከራከሩ ነበር የኖራችሁት?» አለ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ለመጫወቻ ነበር የምትፈልጉኝ?»

«ክርክሩ እንኳ እውነት ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እኔ ጌሙን የምር ነው የምጠላው።» ሊያስቅ ፈልጎ አልነበረም፤ የሳቀም የለም።

እትዬ በሩ ላይ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። የተተኮሰውን ኮት እንዳይጨማደድ በማንጠልጠያው ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። የተከፈተውን ሣጥን አየች፣ ቴክኒሻኑን አየች፣ ወንድሟን አየች። ነጋሪ አላስፈለጋትም።

«ከፈትከው እንግዲህ» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ልንገርህ? ፂምህን ተላጭተህ እየሳቅክ የመጣህ ቀን? ወይስ የመጀመሪያ ደመወዝህን ተቀብለህ ጫማ ገዝተህልኝ የመጣህ ለት? የትኛው ቀን ላይ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚነገረው?»

«በማግስቱ።»

«በማግስቱ ምሳ በላህ» አለች እህቱ። «ሰው ሆነህ ቁጭ ብለህ በላህ። እኔ እሱን ነበር የማየው። እንደገና ቢመጣም እንደገና አደርገዋለሁ፤ አልዋሽህም።»

«ሰው እያየ እኮ ነው ያደረግሽው። ይሄ ሁሉ ሰው እያወቀ። ሚስቴን ሳይቀር በውሸት ነው ያስደሰትኳት። ከዳሽኝ እትዬ።»

እትዬ ኮቱን ወንበር ላይ አላስቀመጠችውም። እጇ እየዛለም ከፍ አድርጋ እንደያዘችው ነበር። «እናታችን ስትሞት ድክ ድክ እንኳ አልጀመርክም» አለች። «መራመድ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ እጅህን ይዤ። ያኔም ከዳሁህ በላ።»

«ያኔ እጄን እንደያዝሽኝ አውቅ ነበር።»

 እትዬ ኮቱን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች፤ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ደንግጦ አያት።

ሾፌሩ የሣጥኑን በር ዘጋ፤ ቁልፉን መሳቢያው ውስጥ መለሰ። «አሁን ያለው ከባዱ ላይ ነው?» ብሎ ቴክኒሻኑን ጠየቀ። ቴክኒሻኑ «አዎ» አለ። ፋርማሲስቷ ከመንገድ ዘወር አለችለት፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ የተራራውን መንገድ መረጠ። ከድሉ ወዲህ አንድም ቀን እዚህ መንገድ ላይ ተጫውቶ አያውቅም። የጨረስኩትን ምን እደግመዋለሁ ይል ነበር፤ ሌላ ሌላውን መንገድ ነበር የሚጫወተው። ጉሙ መጣ። ወፍራም ነበር፤ የኩርባውን ምልክት እንኳ አያሳይም። ገደል ገባ። እንደገና ሞከረ። እዚያው ኩርባ ላይ፣ በዚያው ጎን ገደል ገባ። ነፍስ ይማር ያለ አልነበረም።

ፋርማሲስቷ ልታጽናናው ፈለገች። ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብላ ከንፈሯን ስትበላ ቆይታለች። «ጋሼ፣ እኔ መጀመሪያውኑ ብያለሁ» አለች። «ጌሙ ነው ልክ ያልሆነው። በዚህ ላይ ማንም ሊያልፍ አይችልም።»

«አይደለም» አለ ሾፌሩ እየተነሳ። «ጌሙ ምንም አላደረገኝም። እዚህ ቤት ውስጥ ያላታለለኝ እሱ ብቻ ነው።»

በሩ ጋ ሲደርስ እህቱ መንገዱን ይዛ ቆመች። «ዛሬ አትሂድ» አለችው። «ተራራው ላይ ጉም አለ ብለዋል። ሌላ ቀን ትሄዳለህ፤ ዛሬ እንዲህ ሆነህ አይሆንም።» እሱ በጎኗ አልፎ ወጣ። ኮቱ እጇ ላይ ቀረ።

መናኸሪያው በእግር ሩቅ አይደለም። መንገዱን ሁሉ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሄደ፤ እየተንቀጠቀጡ እንደሆነ ማየት አልፈለገም። ስልኩ ጠራ፤ እትዬ ይላል፤ ተወው። ከአንድ ሱቅ ፊት ቆም አለና ወደ ቤቴ ልመለስ ይሆን ብሎ አሰበ። ከሁሉ የከበደው እህቱን ክፉ ሰው ማድረግ አለመቻሉ ነበር። ጠላት ቢሆን ይጠላል፣ ይገላገላል። ያደረገችው ስለወደደችው ነው፤ ሁሉም ዝም ያሉት ስለወደዱት ነው፤ ከነሱ ፍቅር ተርፎ የኔ የሚለው ነገር ግን አልቀረለትም። የከተማውን አውቶቡስ ዓመታት ሙሉ አንድም ሰው ሳይጭር ነድቷል፤ እሱንም ቢሆን አሁን ማን ከኋላዬ ያቃልልልኝ ነበር ብሎ ይጠረጥር ጀመር።

ስምሪት ኃላፊው ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። አጠገቡ የተራራው መስመር ነባር ሾፌር፣ ፀጉራቸው ሙሉ ለሙሉ የሸበተ ሰውዬ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«እንኳን መጣህ» አለ ኃላፊው። «ዛሬ የከተማውን መስመር ያዝ። የተራራውን እሳቸው ይወጡልሃል፤ አስጠርቻቸዋለሁ።»

«ማን ቀይር አለህ?»

«ማንም… መቼስ ሰው ነህ፣ ያጋጥማል።» ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህትህ ደውላ ነበር። አሞታል፣ ግን አሞኛል አይልህም አለችኝ። እኔ ለማንም አልናገርም፤ ዝም ብለህ ቁልፉን ውሰድ።»

ሾፌሩ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡትን ሁለት ቁልፎች አየ። ልክ እንደ ጌሙ ሁሉ፣ እሱ መንገድ ላይ እያለ ደግሞ ከጀርባው ሣጥኑ ተከፍቶ ነገሩ ቀልሎለት ነበር። የከተማውን ቁልፍ ቢያነሳ ማንም አያውቅበትም፤ ማታ ለሚስቱ መስመሩ ተቀየረ ይላታል፣ ያበቃል። ወይም ደግሞ እንደ ወትሮው ደረቱን ነፍቶ እኔ ጉም አውቃለሁ ማለት ይችላል። ጠዋት ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ነበር የሚለው።

«አላመመኝም» አለ። «ግን ያን ቀን ጉም አውቃለሁ ያልኩህ ውሸት ነው። አላውቅም። ጉም ውስጥ የገባሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ከሱም ወጥቼ አላውቅም።»

 ሽማግሌው ሾፌር ቀና ብለው ተመለከቱት፤ የሱን አደጋ ያስታውሳሉ፤ አውቶቡሱን ከቦዩ ካወጡት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

«ታዲያ የቱን ልስጥህ?» አለ ኃላፊው።

«የተራራውን። እሳቸውም ፈቃዳቸው ከሆነ አብረውኝ ይሂዱ። ከጎኔ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በሚያይበት ወንበር ላይ ይቀመጡ። በዚህ መስመር ከብዙ ዓመት በኋላ ገና ዛሬ እንደምነዳ እኔ ራሴ ለተሳፋሪዎቹ እናገራለሁ።»

ስልኩ እንደገና ጠራ። አውጥቶ አየው፣ አጠፋው፣ ኪሱ ውስጥ መለሰው።

«እኔማ መሄዴ ካልቀረ የት ብቀመጥ ምን ቸገረኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ቦርሳቸውን አንስተው እየቆሙ። «አይዞህ የኔ ልጅ። ካቃተህ እኔ እይዝልሃለሁ።»

ሾፌሩ የተራራውን ቁልፍ አነሳ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አልደበቀውም።

«ካቃተኝ ይያዙልኝ» አለ። «ሲይዙልኝ ግን ይንገሩኝ።»